ወለም ያላለው እግር

ሰው በበሽታው ሲያፍር አይተናል፤ በድህነቱ ሲያፍርም አይተናል። በጤናው የሚያፍር ሰው ግን ከልብስ ሰፊዋ በቀር አላጋጠመንም። ቀኝ እግሯ ደህና ነው። ድሮም ደህና ነበር። ጉዱም እሱ ነው።

አርብ ከሰዓት በኋላ ከአክስቷ ጋር በምትሠራበት ጠባብ የስፌት ቤት ተቀምጣ የተማሪ ቀሚስ ጠርዝ ስትቀመቅም በሩ ተከፈተና ርዕሰ መምህርቷ ገቡ። አክስትየው የስፌት መኪናውን መርገጫ ለቃ ብድግ አለች። ርዕሰ መምህርቷ ጡረታ ከወጡ ዓመት አልፏቸዋል፤ ዳሩ ግን በሰፈሩ እሳቸው ያላስተማሩት ጎልማሳ ስለሌለ፣ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያያቸው ሲጋራውን ከኋላው የሚደብቅ የልጆች አባት ሞልቷል። መስኮት የሰበረ ተማሪ እውነቱን ከተናገረ በምክር ያልፉት ነበር። የዋሸውን ግን የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ነገ ወላጅህን ይዘህ ና!» በመጨረሻው የሥራ ዓመታቸው አርባ ቀሚስ «ጠርዙ ግማሽ ጣት አጥሯል» ብለው ለዚሁ ስፌት ቤት የመለሱትም እሳቸው ናቸው።

«እንዴት ዋልሽ፣ ምልክቴ?» አሉና የልብስ ሰፊዋን ጉንጭ ሳሙ። «እግርሽስ?»

«ደህና ነው፣ እትዬ።»

«ተመስገን! ነገ ተራራው ላይ፣ ጸሎት ሜዳው ስንደርስ ትመሰክሪያለሽ። ወንጌላዊውን ነግሬዋለሁ። ካንቺ ምስክርነት በኋላ ደግሞ እኔ የምናገረው አለኝ።» ፈገግ አሉ። «ስለ ልጄና ስላንቺ ነው። በሰው ፊት ቢባል ይሻላል።»

እሳቸው ሲወጡ አክስትየው እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ልብስ ሰፊዋ መርፌው ጣቷን ወግቷት ደሟን ስትመጥ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የርዕሰ መምህርቷ አንድ ልጅ የአጥንት ሐኪም ነው። ከልብስ ሰፊዋ ጋር የተዋወቀው የጋውኑን እጅጌ ሊያሳጥር መጥቶ ነው። ያንኑ ጋውን ሦስት ጊዜ እያመላለሰ አሳጠረው፤ በሦስተኛው እጅጌው ክርኑ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። አክስትየው «ይሄን ልጅስ ያመመው ሌላ ነው» ያለችው ያኔ ነው። እናትየው ሲሰሙ ግን ቤቱ ተናወጠ። «ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩት ከመርፌና ክር ጋር ላጋባው ነው?» ብለው ዓመት ሙሉ ፊት ነሷት።

ከሁለት ወር በፊት የቤተ ክርስቲያናቸው ኅብረት ወደ ተራራው የጸሎት ጉዞ ወጣ። ሐኪሙ ለመናት፤ ሄደች። አውቶቡስ ውስጥ ርዕሰ መምህርቷ ከፊቷ ተቀምጠው ጎናቸው ላሉት ሴትዮ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ፍርሃት የእምነት ጉድለት ነው፤ ፈሪ ሰው ቤቴ እንዲገባ አልፈልግም» አሉ። ስለሷ ይሁን ስለ ሌላ፣ እግዚአብሔር ይወቅ። ጸሎት ሜዳው ላይ ለመድረስ ደግሞ አንድ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ በግራ ዓለት፣ በቀኝ ገደል፣ ስፋቱ ለአንድ ሰው፣ ርዝመቱ ሠላሳ እርምጃ ያህል። ዓለቱ ላይ የሚያዝ ሰንሰለት ተሰክቷል። ልብስ ሰፊዋ ሦስት እርምጃ ሄዳ ወደ ታች አየች። በቃ። እጇ ሰንሰለቱ ላይ ደረቀ። ከኋላዋ እናትየው ነበሩ። «ምን ሆንሽ?» አሉ። ፈራሁ ማለት ሞት ሆነባትና «ወይኔ እግሬን! ወለም አለኝ!» ብላ ጮኸች።

ለሷ ሲባል ሃያ ስድስት ሰው ከመንገድ ተመለሰ። ርዕሰ መምህርቷ ከጉልበታቸው ቀዶ ሕክምና ወዲህ እዚያ ሜዳ ላይ ቆመው ለማመስገን ሦስት ዓመት ሲመኙ ኖረዋል፤ እሳቸውም ተመለሱ። ሐኪሙ እግሯን ዳስሶ በፋሻ አሰረላት። ከተራራው ሥር ሁሉም ከበዋት፣ እጃቸውን ጭነው፣ እያለቀሱ ጸለዩላት። ደግነታቸው እንደ እሳት ለበለባት። ግርግሩ እንዲያበቃላት ብላ ብቻ ብድግ አለች። ሁለት እርምጃም ተራመደች።

«ሃሌሉያ!»

ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው? ወሬው ከአውቶቡስ ሲወርድ ወለምታ ነበር፤ ገበያ ሲደርስ ስብራት ሆነ፤ በሦስተኛው ቀን አጥንቷ ቆዳዋን በስቶ ወጥቶ ነበር ተባለ። ርዕሰ መምህርቷ «እግዚአብሔር ምልክት አሳየኝ፤ እሱ የመረጠውን የምገፋ እኔ ማን ነኝ?» ብለው በገዛ እግራቸው ስፌት ቤት ድረስ መጡ። ዓመት ሙሉ የተዘጋባት በር በውሸት ተከፈተላት፤ እሷም ዝም ብላ ገባች። የምታፍረው በዚህ ነው።

«ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?» አለች አክስቷ። ነገረቻት። አክስትየው እስከ መጨረሻው ሰማችና ሄዳ በሩን ዘጋችው።

«ለማን ነግረሻል?»

«ላንቺ ብቻ።»

«እሱስ?»

«አያውቅም። በፋሻ ሲጠቀልልልኝ እንዴት እንደተጠነቀቀ ብታዪ! አምኖኝ ነው።»

«እንግዲያው አፍሽን ዝጊ፣ የኔ ልጅ። ሰው አልገደልሽ። አግቢ፤ ንስሐው ከሠርግ በኋላ ይደርሳል። እግዚአብሔር እንደሆነ ታጋሽ ነው። የማትታገሠው የባል እናት ናት።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁም ተመልሶ ልቅሶ ሆነ። አክስቷ ወደ ጓዳ ስትገባ የልብስ መቁረጫ ወረቀት ጀርባ ላይ በእርሳስ ጻፈች። ሦስቱን ቀደደች። አራተኛው እንዲህ ይላል፦

«እግሬን ወለም አላለኝም። ፈርቼ ነው። ያሰርክልኝን ፋሻ አጥቤ አስቀምጬዋለሁ፤ ባየሁት ቁጥር ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እላለሁ። ለሰው ከመናገሬ በፊት አንተ እንድታውቅ ብዬ ነው። ብትጠላኝ እውነት አለህ። እኔ ግን እወድሃለሁ፤ ይሄኛው ውሸት የለበትም።»

አጣጥፋ ጉያዋ ስትከተው የሰረቀችውን ዕቃ ልትመልስ የተነሳች ሌባ ሆና ተሰማት። መመለሷ አላጽናናትም፤ መስረቋ ነው የከነከናት።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ ተራራው ሥር ሲቆም ሐኪሙ በሩ አጠገብ የሰውን ሻንጣ ያወርድ ነበር። ከሁሉም ኋላ ወረደችና ወረቀቱን እጁ ውስጥ አስገባችለት።

«ምንድን ነው?»

«አንብበው።»

ወረቀቱን አየው። ቀጥሎ እሷን አየ። ያ ልቧን ሲያሞቀው የከረመው ፊት ድንገት ዳመነ።

«ከተራራው ከወረድን በኋላ ላንብበው።»

«አሁን። እባክህ።»

«ከወረድን በኋላ አልኩሽ እኮ» አለና ዐይኑን አሽሽቶ፣ ወረቀቱን ሳይገልጠው ኪሱ ከተተ። ወዲያው ሁለት ሻንጣ አንጠልጥሎ ሄደ።

ልብስ ሰፊዋ ቆማ ቀረች። አፈረብኝ፣ አለች በልቧ። በሰው ፊት ከልብስ ሰፊ እጅ በእርሳስ የተጫረ ብጣሽ ወረቀት መቀበል አሳፈረው። እናቱ ያሉት እውነት ነው፤ መርፌና ክር ምን ጊዜም መርፌና ክር ነው። ሽቅብ ሲወጡ ሐኪሙ ከፊት፣ ከእናቱ ጎን ሆነ። ሁለት ጊዜ ዞሮ አያት፤ ሁለቱንም ጊዜ ዐይን ለዐይን ሲገጣጠሙ ጥፋት ላይ እንደተያዘ ልጅ ፊቱን መለሰ። አንዷ የኅብረቱ እህት ክንዷን ይዛ «ዛሬ በምስክርነትሽ ስንቱ ይነካል!» አለቻት። «አሜን» አለች ልብስ ሰፊዋ።

መንገዱ ላይ ፈተናው አልተዋትም። ወረቀቱ አልተነበበም። አክስቷ አትናገርም። መልሼ ብቀበለውስ? ከወረድን በኋላ፣ ሌላ ነገር ጽፌ ነበር ብለውስ? ይህን ስታስብ ራሷን ጠላች፤ መጥላቷም ሐሳቡን አላስተዋትም።

መተላለፊያው አፍ ላይ ሲደርሱ ወንጌላዊው ሰዉን በተራ አሰለፈ። ወንጌላዊው ራሱ የርዕሰ መምህርቷ ተማሪ የነበረ ሰው ነው፤ ዛሬም ሲሰብክ ዐረፍተ ነገሩን የሚጨርሰው የሳቸውን ዐይን አይቶ ነው።

«ምልክታችን ትቅደም» አሉ ርዕሰ መምህርቷ። «የዳነው እግር ቀድሞ ይርገጥ።»

ሁሉም አሜን ብሎ መንገድ ለቀቀላት። ልብስ ሰፊዋ እጇን ሰንሰለቱ ላይ አሳረፈች። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። ገደሉም እዚያው ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ ሲጠብቃት የከረመ ይመስላል። ያን ጊዜ ያቺው ውሸት ምላሷ ላይ መጥታ ቁጭ አለች። «እግሬን!» ብትል ይበቃል። ያምኗታል። ይሸከሟታል። እንደገና ይጸልዩላታል።

ከሁለት ወር ወዲህ ጸሎቷ አንድ ብቻ ነበር፦ ጌታ ሆይ፣ አታጋልጠኝ። ዛሬ ያ ጸሎት አልወጣ አላት። ዐይኗን ጨፈነች። «ጌታ ሆይ፣ ሁለቱንም ፈርቻለሁ፤ ገደሉንም ሰዉንም» አለች በለሆሳስ። «አንተ እንደሆነ ከመጀመሪያው ታውቀው ነበር፤ አውቀህም አልተውከኝም። እንግዲህ ያዘኝ።» ሰማይ አልተከፈተም፤ ድምፅም አልመጣ። ግን ዞረች።

«እግሬ አልዳነም» አለች።

«ምነው? ደግሞ አመመሽ?» አሉ ርዕሰ መምህርቷ ደንግጠው።

«አላመመኝም። ያን ቀንም አላመመኝም። ወለም አላለኝም። ገደሉን አይቼ ፈራሁ፤ ፈራሁ ማለት አሳፈረኝና ዋሸሁ። ስትጸልዩልኝ ዝም አልኩ። ተአምር ነው ስትሉም ዝም አልኩ። ሃያ ስድስት ሰው መለስኩ። እርስዎን ሦስት ዓመት ከተመኙት ነገር መለስኩ። በእግዚአብሔር ስም ነው የዋሸሁት። ይቅር በሉኝ።»

ከኋላ የቆሙት ሽማግሌ አናጢ ብቻ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል፣ «እኔ እኮ አጥንቱ ሲገባ ቋ ሲል በጆሮዬ ሰማሁ ብዬ ነው ያወራሁት» አሉና ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

ርዕሰ መምህርቷ ግን እሷን አላዩም። ያዩት ልጃቸውን ነው።

«አንተ» አሉ ቀስ ብለው። «ያን ለት ቤት ገብተን ጠይቄህ ነበር። እውነት ወለም ብሏት ነበር ወይ? አልኩህ። አዎ፣ አብጦ ነበር አልከኝ። በሐኪምነትህ ነው የጠየቅኩህ።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን አላወቀችም ነበር። ራሴን ላጋልጥ ብላ እሱን በሰው ፊት አዋረደችው። «እሱ አያውቅም ነበር፣ እትዬ! እኔ ነኝ ያታለልኩት…»

«አውቅ ነበር» አለ ሐኪሙ።

ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። እንደታጠፈ ነው። «ጠዋት ይሄን ሰጠችኝ። ያልከፈትኩት ምን እንደሚል ስለጠረጠርኩ ነው። ካነበብኩት እኔም መናገር ሊኖርብኝ ነው።» ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ፤ ፊቱ ፍም መስሏል። «እግርሽን እንደያዝኩ ነው ያወቅኩት። እብጠት የለ፣ ምን የለ። ቁርጭምጭሚትሽ ጋ ያለው የደም ሥር ግን ጣቴ ሥር ይዘል ነበር። እንደዚያ የሚመታው የፈራ ሰው ልብ ነው። ፋሻውን ያሰርኩልሽ ሰው እንዳይስቅብሽ ብዬ ነው፤ እዚያ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ኋላ እማዬ ስትጠይቀኝ ግን ላንቺ ብዬ አይደለም የዋሸሁት። ለራሴ ነው። እሺ እንድትለኝ ስለፈለግኩ።»

«ነገ ወላጅህን ይዘህ…» ብለው ጀመሩ ርዕሰ መምህርቷ፤ የአርባ ዓመት ልማድ ነዋ። ቃሉ መሃል ላይ ተሰበረ። ወላጁ እሳቸው ናቸው። ሌላ ቀን ቢሆን ተራራው በሳቅ ይሞላ ነበር፤ ዛሬ አንድ ሰው እንኳ ጥርሱን አላሳየም።

«ለምን አልተናገርሽም?» አሉ በመጨረሻ፣ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረው። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «ፈራሁ ብትይ ምን ትሆኚ ነበር?»

«ፈሪ እንዳልባል ነው።»

«ማን እንዳይልሽ?»

ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፋች። «እርስዎ።»

ርዕሰ መምህርቷ አውቶቡስ ላይ ስለ ፈሪ ሰው የተናገሩት ትዝ እንዳላቸው ከፊታቸው አስታወቀ። ከዚያ ሰንሰለቱን ጨብጠው፣ በዚያ በማያምኑት ጉልበታቸው ቀስ እያሉ ተሻገሩ። ሰዉም በየተራ ተከተላቸው። ሲያልፉ አንዳቸውም አላዩዋትም፤ ጠልተዋት ይሁን ራሳቸው አፍረው አልታወቃትም። ሸክሙ ከላይዋ ወርዷል፤ ግን ከሸክሙ ጋር ሐኪሙንም የእናቱንም ቤት አብራ እንዳወረደች ነው የቆጠረችው።

ወንጌላዊው ወደ መጨረሻ ቀርቶ ነበር። «እህቴ፣ ካልቻልሽ እዚሁ ጠብቂን» አላት። «ማንም አይፈርድብሽም።»

«ልሞክር።»

«ፍርሃቱ ለቀቀሽ?»

«አለቀቀኝም።»

ወንጌላዊው ግራና ቀኝ አየ። «እኔም ወደ ዓለቱ ብቻ እያየሁ ነው የምሻገረው» አላት በሹክሹክታ። «ስንት ዓመት ስለዚህ ቦታ ሰብኬያለሁ፤ ይቺን ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም።» ሄደ።

ሐኪሙ ብቻ ቀረ።

«ልያዝሽ?»

«አይ። ከኋላዬ ሁን።»

«ተጣላሽኝ?»

«አሁን አፍሬያለሁ። መጣላቱ ገና አልደረሰኝም።»

«እኔም አፍሬያለሁ» አለ። «ደግሞም ፈርቻለሁ። ገደሉን አይደለም፤ ማዶ የተቀመጠችውን።»

ገባች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስተኛው ያኔ የቆመችበት ነው። ወደ ታች ላለማየት ብትታገልም አየች። «ፈርቻለሁ፣ ጌታ ሆይ» አለች ድምፅ አውጥታ፤ ረገጠች። «ፈርቻለሁ» አለች፤ እንደገና ረገጠች። በየእርምጃዋ እንዲያ አለች፤ ከኋላዋ እሱ አይዞሽ አላላትም፣ «እኔም» ይላታል ብቻ። መሃል ላይ እግሯ ጠጠር አንከባለለ፤ ጠጠሩ ወርዶ ወርዶ ድምፁ እስኪጠፋ ሰማችው። ቆመች። ላቡ ዐይኗ ውስጥ ገባ። ማዶ ያሉት ሁሉ ያዩዋታል፤ እንደፈራች ሁሉም ያውቃል፤ እግዚአብሔርም ያውቃል። የምትደብቀው ነገር አልቆባታል። ይህ ሲገባት እንባዋ ፈሰሰ፤ ሰንሰለቱን በሁለት እጇ ጨብጣ ቀጠለች። ፍርሃቷ እስከ መጨረሻው እርምጃ አብሯት ተራመደ። ከሱ የበረታ ሌላ አብሯት እንዳለ ግን አልተጠራጠረችም።

ማዶ ስትደርስ ሣሩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች፣ ከሰዉ ራቅ ብላ። ሐኪሙ በመካከላቸው ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትቶ ተቀመጠ።

«አሁን ላንብበው?»

በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ወረቀቱን ገለጠው። የመጨረሻውን መስመር ሁለት ጊዜ እንዳነበበው ከከንፈሩ አየች። ከዚያ እጁን ሣሩ ላይ ወደሷ አስጠጋ፤ ሳይነካት እዚያው ተወው። እሷም እጇን አልሰበሰበችም፤ ጉንጯ ግን ነደደ።

ሰዉ በክብ ተቀምጧል። ርዕሰ መምህርቷ ከፊት ናቸው፤ ለሁለቱ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ወንጌላዊው መሃል ቆሞ እጁን አፋተገ። «እንግዲህ… ፕሮግራማችን ላይ ምስክርነት ነበር…» ብሎ ጀመረና ምራቁን ዋጠ። እንደ ልማዱ የርዕሰ መምህርቷን ዐይን ፈለገ፤ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። «በቃ፣ በጸሎት እንጀምር። እትዬ፣ እርስዎ ይጸልዩልን?»

ርዕሰ መምህርቷ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው አስተካከሉ።

«እኔ ዛሬ አፌን የምከፍትበት ፊት የለኝም» አሉ። «እሷ ትጸልይ።»

«ማን፣ እትዬ?»

«እሷ ናታ!» አሉ ሳይዞሩ። «ልብስ ሰፊዋ። ምራቴ።»

ሰዉ ዞሮ አያት። ልብስ ሰፊዋ መነሣቷን ሳታውቀው ተነሣች። ይቅር ብዬሻለሁ ያላት የለም። እናትየውም ፊታቸውን አላዞሩም፤ ግን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው እየጠበቁ ነው። ከሷ አፍ ለሚወጣ ቃል አሜን ሊሉ ነው። ያቺ የዋሸቻቸው አፍ! ይህን ስታይ ልቧ ተሰበረ፤ ከሁለት ወር ልቅሶዋ ሁሉ የሚበልጥ ልቅሶ መጣባት።

«ጌታ ሆይ» አለች፤ ከዚያ ወዲያ አልወጣላትም።

«አሜን» አሉ ርዕሰ መምህርቷ።